ልጁን ወደ ጫካ ውሰዱት፣ ሽጉጡን ግን አታስይዙት

 

ዛሬ ስለ ሰሊጥ ዋጋ አንጽፍም። ስለ ምንዛሬም፣ ስለ ኬላም አንጽፍም። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ወንዶች ልጆቻችንና በየወገባችን ስለምንታጠቀው ሽጉጥ ነው።

ነገሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን አሜሪካ ያለ ዘመዱ የላከለትን ቪዲዮ አሳየን። አንድ አባት ወንድ ልጁን ይዞ ጫካ ውስጥ ተቀምጧል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በሁለት እጁ ትልቅ ሽጉጥ ይዞ በእንጨት ላይ አስደግፎ ይተኩሳል፣ አጋዘኑም ይወድቃል። አባትየው ልጁን አቅፎ ይስመዋል። ወንድማችን ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አሳየንና «እኔም የእኔን ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ይዤው እወርዳለሁ። በሺንፋ ወንዝ በኩል ሚዳቋ አይጠፋም። ወንድ ልጅ ሽጉጥ የሚማረው ከአባቱ ነው» አለ።

ግማሾቻችን ሳቅን፣ ግማሾቻችን ደግሞ «እውነቱን ነው» አልን። ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። እኛ ይህን የምንጽፈው ከክርክሩ በኋላ ቁጭ ብለን ካሰብንበት ወዲያ ነው። ሐሳባችን ይህ ነው፦ ልጁን ጫካ መውሰድ መልካም ነው፤ ሽጉጥ አስይዞ ሚዳቋ ማሳደን ግን በእኛ አገር፣ በዚህ ድንበር፣ በዚህ ጊዜ አይሆንም።

መጀመሪያ የወንድማችንን ሐሳብ በሚገባው ክብር እንየው፤ የሞኝ ሐሳብ አይደለምና። እዚህ ድንበር ላይ ያደግን ሰዎች መሣሪያን ከመጽሐፍ አላወቅነውም። በቋራ፣ በአርማጭሆ፣ በመተማ ጠብመንጃ የቤት ዕቃ ነው። ለሠርግ ይወጣል፣ ለቀብር ይወጣል፣ እርሻ ሲወረድ ይወጣል። አዳኝ ይፎከርለታል፣ ግዳይ የጣለ ሰው ስሙ ይነሳል። ነጋዴው ደግሞ ረጅም መሣሪያ ይዞ ከተማ መግባት ስለማይመቸው ሽጉጥ ይመርጣል። ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ እገታ የሰው ሁሉ ስጋት በሆነበት መንገድ ላይ፣ «ባዶ እጄን አልሄድም» ቢል አንፈርድበትም። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ መሣሪያውን ዐይኑ ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ «መንገድ ላይ ከሚማረው ከእኔ ይማረው» የሚለው የአባት ቃል ክብደት አለው። እኛም ልጁ ስለ መሣሪያ ምንም አይማር አንልም። ጥያቄው ምን ይማር፣ በምን ይማር የሚለው ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንመለስ። ቪዲዮው የማያሳየው ብዙ ነገር አለ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሽጉጥ መያዝ በመሠረቱ የተከለከለ ነው። አደን፣ ኢላማ ልምምድና እርሻ ከመሳሰሉት ጥቂት ነገሮች በስተቀር ማለት ነው፤ ለእነዚህም ቢሆን የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ግዛቶች አዲስ አዳኝ የአደን ትምህርት ወስዶ ይፈተናል። በርከት ያሉ ግዛቶችም ለአጋዘን የሚፈቀደውን የሽጉጥ ዓይነትና የጥይት ጉልበት በደንብ ይወስናሉ። ያ ልጅ የያዘውም እኛ ወገባችን ላይ የምንሸጉጠው ዓይነት አይደለም። ለአደን ተብሎ የሚሠራ፣ ረጅም አፈሙዝ ያለው፣ ብዙ ጊዜ መነጽር የተገጠመለት፣ ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ነው።

በእኛ አካባቢ የሚገኘው ማካሮቭ ወይም ቶካሬቭ ነው። እነዚህ ለሰው ለሰው፣ ለቅርብ ርቀት የተሠሩ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሽጉጦች ናቸው። የማካሮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ጉልበቱ ወደ 300 ጁል ነው፣ የቶካሬቭ ወደ 500። የክላሽ ጥይት ወደ 2000 ይደርሳል። ለአጋዘን የሚመረጠው ማግነም ደግሞ ከ1000 በላይ ነው። ልዩነቱን ነጋዴ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፦ አሥር ኩንታል የሚጭን መኪና የሚያስፈልገውን ጭነት ሦስት ኩንታል በሚጭን ጋሪ ማንሳት ነው።

ኢላማውስ? ሽጉጥ አጭር ነው። የፊቱና የኋላው ኢላማ መያዣ መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ልጁ የፊተኛውን አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢያዛንፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ ከ16 ሴንቲሜትር በላይ ይስታል። 50 ሜትር ላይ ከ33 ሴንቲሜትር በላይ። የሚዳቋ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ የትልቅ ሰው መዳፍ ቢያክል ነው። የትልቅ ሰው እጅ እንኳን ሮጦ ሲቆም ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይንቀጠቀጣል። የልጅ እጅ፣ ልቡ እየመታ፣ አባቱ እያየው ምን ያህል ይንቀጠቀጣል?

ውጤቱን ከመካከላችን አንዱ በራሱ አይቶታል። ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አጎቱ አንገረብ ዳር ይዞት ወርዶ ሽጉጡን አስያዘው። ድኩላ ውሃ ልትጠጣ መጣች። ተኮሰ፣ መታት። ሆዷን ነው የመታት። ድኩላዋ አልወደቀችም፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ልጁ በደስታ «መታኋት!» ብሎ ወደ አጎቱ ዞረ፤ ሽጉጡም ከእሱ ጋር ዞረ። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጥይት ከአጎቱ እግር አጠገብ መሬት ውስጥ ገባ። ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም። እስኪመሽ ድረስ ደሙን ተከትለው ፈለጉ፣ ድኩላዋን አላገኟትም። ዛሬ ያ ልጅ ትልቅ ሰው ነው፣ ከእኛ ጋር ይነግዳል፣ ልጆችም አሉት። ያን ቀን ሲያወራ የሚያስታውሰው ግዳዩን አይደለም። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አጎቱ «ለእናትህ እንዳትነግር» ማለቱን ነው።

ይህ የአንድ ልጅ ጥፋት አይደለም። ሽጉጥ ከረጅም መሣሪያ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው። ረጅም መሣሪያ ለመዞር ጊዜ ይወስዳል፤ አጠገብ ያለ ሰው አፈሙዙን በእጁ ሊይዘው፣ ሊያቀናው ይችላል። ሽጉጥ ግን ልጁ አንገቱን በሚያዞርበት ፍጥነት ይዞራል። ለጀማሪ ከሁሉ መሣሪያ አስቸጋሪው ሽጉጥ ነው። የምንጀምረው ከመጨረሻው ከሆነ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በእኛ ይደርሳል።

ጆሮም አለ። የሽጉጥ ድምፅ በአብዛኛው ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው። አንድ ጥይት ብቻ የልጅን ጆሮ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ከእኛ መካከል ጆሮ መሸፈኛ ያለው ማን ነው? እርሳስም አለ። ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲፈረካከስ ትናንሽ የእርሳስ ብናኝ ይተዋል፤ እርሳስ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳው የልጆችን አእምሮ ነው።

ሥጋውስ ይበላል ወይ? በቤታችን ቢላ ሳይደርስበት የሞተ በክት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋ የሚበላበት ሥርዓት አለው። ሆዷን ተመትታ ማዶ ሄዳ በሌሊት የሞተች ድኩላ ለማንም ቤት አትሆንም፣ የጅብ ናት። ስለዚህ ልጁ የሚማረው መግደልን ነው እንጂ ቤት መመገብን አይደለም። አባቶቻችን ለቆዳም ለሥጋም ለስምም ያድኑ ነበር፤ እንዲሁ አቁስሎ መተውን ግን ጀግንነት ብሎ የፎከረ አልሰማንም።

ደግሞ የእንስሳቱን ነገር እናስብ። ይህ ምድር የአራዊት ምድር ነበር። ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1861 አትባራንና ሰቲትን፣ ማለትም የእኛን ተከዜ፣ ተከትሎ ወጥቶ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ቀጭኔ በዚሁ በእኛ ሰፈር እንደነበሩ እናነባለን። የሐምራን ዐረቦች ዝሆንን በፈረስ ከብበው በሰይፍ እንዴት ይገድሉ እንደነበር በዝርዝር ጽፏል። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያስቆጣል፣ ሌላው ከኋላ ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። ዛሬ ከገዳሪፍ እስከ ዶካ ባለው ሜዳ ምን አለ? ማሽላና ሰሊጥ። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የታረሰው መሬት እኛን አብልቶናል፣ አልካድንም፤ እንስሳውን ግን ገፍቶታል።

የቀረው ቦታ ተከልሏል። በሱዳን በኩል ድንድር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1935 ተቋቋመ። በእኛ በኩል ከእሱ ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በቋራ፣ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ በ1998 ዓ.ም. ተከለለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች አልጣሽ ውስጥ አንበሳ መኖሩን በካሜራ ሲያረጋግጡ ዜናው ዓለምን ዞረ። የአንበሳው ምግብ ደግሞ ያቺው ወንድማችን ሊያሳድናት የሚፈልጋት ሚዳቋ ናት። አንበሳው ዜና ሆኖ ሚዳቋዋ ግዳይ ከሆነች አንበሳው ምን ይበላል? የገበሬው ከብት ላይ ይመጣል፣ ከዚያ እርሱም ይገደላል።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር ያያይዛል፤ ለልጅ የሚሰጥ የሽጉጥ ፈቃድ የለም። በሱዳን በኩልም ለመሣሪያውም ለዱር እንስሳውም ሕግ አለ፤ እኛ እዚያ እንግዳ ነን። በመኖሪያ ወረቀት የሚኖር ሰው ልጁ ሽጉጥ ይዞ ቢገኝ፣ የሚጠየቀው ስለ ሚዳቋዋ አይደለም። ሱቁም፣ ፈቃዱም፣ የሌሎቻችንም ስም አብሮ ይነሳል።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ግን ይህን ነው። ይህ ድንበር የሰላም ድንበር አይደለም። የፋሽጋ ነገር እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሱዳን ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ነው፤ ከካርቱምና ከሌላውም ቦታ የሸሸው ሰው ገዳሪፍን ሞልቷታል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ውጊያ አለ። በሁለቱም በኩል ጫካ ውስጥ የታጠቀ ሰው አለ፣ ሁሉም ጣቱ ምላጭ ላይ ነው። በዚህ መካከል አንድ ጥይት ሲሰማ «አባትና ልጅ ሚዳቋ እያደኑ ነው» ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ሱዳናዊው ወታደር በቁጥቋጦ መካከል ሽጉጥ የያዘ ሐበሻ ሲያይ በአፉ የሚመጣው አንድ ቃል ነው፦ «ሽፍታ»። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ይሁን ሃያ፣ ከመቶ ሜትር አይለይም። ማንነቱን የሚጠይቁት ከተኮሱ በኋላ ነው።

ልጁ ቢቆስልስ? ክረምት ከሆነ ዋልካው መሬት ሁሉን ይይዛል፤ ከትራክተር በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ሳሉግ ወባ ይዞት ሐኪም ሳይደርስ የቀረበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ደም የሚፈሰው ልጅ እስከ ገዳሪፍ ወይም እስከ ጎንደር ይቆያል ወይ? ይህን ጥያቄ ከመውረዱ በፊት አባቱ ለራሱ ይመልስ፤ ለእናቱም ይመልስላት። እናቲቱ ያልሰማችው አደን፣ እናቲቱ እንዳትሰማ የተባለ አደን፣ ከመጀመሪያውም መሆን ያልነበረበት ነው።

«ታዲያ ልጁ ምን ይማር?» ላላችሁን፣ እኛ ከቤታችን ጀምረን የተስማማንበትን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሽጉጥ ያለበት ቤት ልጁ ደንቡን ይወቅ። መሣሪያ ሁሉ ጥይት የጎረሰ ነው ብሎ ይቁጠር። ያገኘው እንደሆነ አይንካው፣ ከቦታው ይራቅ፣ ለትልቅ ሰው ይናገር። ጓደኛው ቤት ቢያሳየውም ወጥቶ ይምጣ። ይህን አንዴ ነግሮ መተው አይበቃም፤ ደጋግሞ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ደንቡ ለአባትየውም ይሁን። ሽጉጡን ትራስ ሥር፣ የመኪና መሳቢያ ውስጥ፣ የሰሊጥ ከረጢት ላይ መተው ይቅር። ጥይቱ ወጥቶ፣ ካዝናው ተለይቶ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ተቆልፈው ይቀመጡ፤ ቁልፉ አባትየው ኪስ ይሁን። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም፣ የጎረሰው አንድ ጥይት ውስጥ ይቀራል። በዚህ ስንት ትልቅ ሰው ተሳስቷል፣ እንኳን ልጅ።

ሦስተኛ፣ ጫካውን ያስተምሩት። የአደን ዘጠኙ እጅ መተኮስ አይደለም። የሚዳቋን ዱካ ከፍየል ዱካ መለየት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ሳይንኮሻኮሹ መቀመጥ፣ ወንዝ ዳር ጎህ ሲቀድ መጠበቅ፣ በፀሐይ መንገድ ማግኘት፣ ለእባብ መጠንቀቅ፣ ውሃ ቆጥቦ መጠጣት። ይህን ሁሉ ያለ ጥይት መማር ይቻላል። ርካሽ የሩቅ ማሳያ መነጽር ይግዙለት፣ ስልኩ ላይ ፎቶ ያንሳ። ግዳይ ጥዬ መጣሁ እንዲል ፎቶውን ለእናቱ ያሳይ። ቦታውን ግን ይምረጡ፤ ዛሬ ድንበር ጥግ ያለው ጫካ የልጅ ቦታ አይደለም። ወደ ጎንደር ወጣ ሲሉ፣ ሰላም ባለበት ቀን፣ አገሩን በሚያውቅ ሰው መሪነት ይሁን። ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያና ጭላዳ ማየት ለአንድ ልጅ ዕድሜ ልክ የሚሆን ነገር ነው።

አራተኛ፣ ተኩስ መማር ካለበት ዕድሜው ደርሶ፣ ሕጉ ፈቅዶለት፣ ረጅም መሣሪያ ይዞ፣ ኢላማ ላይ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይማር። ያኔም ቢሆን ሽጉጥ የመጨረሻው ትምህርት ነው። ሚዳቋ ላይ መሆን የለበትም።

አንዳንዶቻችሁ «እናንተ ልጆቻችንን ልታለሳልሱብን ነው» ትሉን ይሆናል። እኛ ግን በዚህ ድንበር ላይ ለስላሳ ልጅ አላየንም። ሁለት ቋንቋ የሚናገር፣ በአሥር ዓመቱ ብርና ጊኔ የሚመነዝር፣ አባቱ ሲዘገይ እናቱን የሚያጽናና ልጅ ነው ያለን። ወንድነቱን በሚዳቋ ደም እንዲያረጋግጥልን አያስፈልገንም። ለዚህ ልጅ የሚጎድለው ነገር ቢኖር ከአባቱ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ያ ወንድማችንም ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ያሳየን ለዚህ ይመስለናል። አባትየው ልጁን አቅፎ ሲስመው ነው ዐይኑ የቆመው። እርሱ ልጁን የሚያገኘው በዓመት አንዴ ነው።

ስለዚህ ለወንድማችን የምንለው ይህ ነው፦ ልጅህ ለዕረፍት ሲመጣ ሱቁን እኛ እንጠብቅልሃለን። ሦስት ቀን ይሁን አራት፣ ይዘኸው ሂድ። ሽጉጡን ቆልፈህ ቁልፉን ለባለቤትህ ስጣት። ስትመለሱ ያያችሁትን በቡና ላይ ልጁ ራሱ ይንገረን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በቤታችሁ መሣሪያ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁን እንዴት እያስተማራችሁ ነው? በተለይ እናቶች፣ የእናንተን ሐሳብ መስማት እንፈልጋለን፤ በዚህ ነገር ላይ እስካሁን የተናገርነው ወንዶቹ ብቻ ነን።

ቸር ያሰማን።